ጋሽ ኃይሉን ባጃጅ ውስጥ አገኘሁት

ከገብርኤል ወደ ፒያሳ ልወጣ ባጃጅ አስቆምኩና ገባሁ። ገና መቀመጫዬን ሳላስተካክል ከኋላዬ፣ ጆሮዬ ሥር ካለው ስፒከር የወጣው ድምፅ አናቴን መታኝ። ዘፋኝ የለውም። ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታርና ድራም፣ ራቅ ብሎ ደግሞ የሰው ጭብጨባ። ኪቦርዱ አንድ ነገር ማውራት ይጀምርና መሃል ላይ ይተወዋል፤ ቤዙ ይቀበለዋል፤ ሲቀባበሉ ሲቀባበሉ ይቆዩና ኪቦርዱ የተወውን ወሬ ማንም ባልጠበቀው በር ገብቶ ይጨርሰዋል። "እነዚህን ጣቶች አውቃቸዋለሁ!" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ልጁ በመስታወቱ አየኝና "ምን አልከኝ ጋሼ?" አለ። "አቁም! አቁምልኝ!" አልኩት። ደንግጦ ዳር ያዘ። ቦርሳ የጠፋብኝ መስሎታል።

የጠፋብኝስ እውነት ጠፍቶብኝ ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ ሆነው። በሐዋሳ መሃል ከተማ፣ በሦስት እግር ባጃጅ ውስጥ፣ ከአንድ ትንሽ ፍላሽ ላይ አገኘሁት። ኃይሉ መርጊያ ነው! ጋሽ ኃይሉ! የዋልያስ ባንዱ! ያውም ስቱዲዮ ውስጥ ተለቅሞና ተጣርቶ የተቀዳ ሳይሆን ሰው ፊት ቆሞ፣ ከታዳሚ ጋር እየተነፋፈሰ የተጫወተው። ይህን ጽሑፍ ረጋ ብዬ ልጽፈው አስቤ ሁለት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ አንባቢ ይታገሠኝ፤ እኔ አሁን መረጋጋት የምችል ሰው አይደለሁም።

መጀመሪያ ያየሁት በ1971 ዓ.ም. ነው። ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አጎቴ አዲስ አበባ ሂልተን ጓዳ ውስጥ ይሠራ ነበርና ከአዋሳ (ያኔ ሐዋሳ የሚላት አልነበረም) በአውቶቡስ ሄጄ እሱ ዘንድ ሰነበትኩ። ጊዜው የሰዓት እላፊ ነው። ሌሊት መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ዕጣው ስለማይታወቅ ሊዝናና የወጣ ሁሉ የገባበት ቤት ውስጥ ያነጋል፤ ባንዱም አብሮት ያነጋል። አንድ ማታ አጎቴ "ድምፅ እንዳታሰማ" ብሎ ከጓዳው በር ኋላ አቆመኝ። በስንጥቁ አየሁ። ዋልያስ! ሳክስፎኑ ያብረቀርቃል፣ ጊታሩ ያብረቀርቃል፣ የሴቶቹ የጆሮ ጌጥ ያብረቀርቃል፤ እኔ ግን ያየሁት ኦርጋኑ ኋላ የተቀመጠውን ዝምተኛ ሰው ነው። አይወዛወዝም። አይስቅም። ጣቶቹ ብቻ፣ ልክ ጤፍ እንደሚለቅም ሰው፣ ፈጠን ሳይሉ የፈለጉትን ያነሳሉ፤ ያልፈለጉትን ይተዋሉ። እስኪነጋ ቆምኩ። እግሬ አብጦ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

የዚያን ባንድ ታላቅነት አሁን ለልጆች ማስረዳት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ ሲያወጡ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ይዞ አጅቧቸዋል። ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ ላይ ነው፤ ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ ዜማውን ሲሰማ "እንዴ! ይሄማ..." ይላል። ከዚያ በ1981 (አሁንም እንደ ፈረንጆቹ) ዋልያስ አሜሪካ ለዝግጅት ሄደ። ግማሾቹ ተመለሱ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። እኔ ደግሞ አዋሳ ተመልሼ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባሁ። የሽመና ማሽን መካኒክ ሆንኩ።

ይህን የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይበት። የሽመና አዳራሽ ውስጥ የሠራ ሰው ጆሮው እንደ ሌላው ሰው ጆሮ አይደለም። መቶ ማሽን በአንድ ጊዜ ሲመታ ለእንግዳ ሰው አንድ ትልቅ ሁካታ ነው፤ ይጮህበታል፣ ራሱን ያመዋል፣ ይወጣል። መካኒክ ግን እያንዳንዱን ለይቶ ይሰማል። በሦስተኛው ረድፍ ያለችው መወርወሪያዋ ልትይዝ ነው፤ በር አጠገብ ያለችው ቀበቶዋ ላልቷል፤ ያችኛዋ ክር ልትበጥስ አንድ ደቂቃ ቀርቷታል። ዓይን ከማየቱ በፊት ጆሮ ያውቃል። ሁሉም ደህና ሆነው ሲመቱ ደግሞ ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ? ቸክ ቸክ ቸ፣ ቸክ ቸክ ቸ። ችክችካ! ያ የኛው፣ ትከሻ የሚያነሳው ምት! ሙዚቀኞች ስድስት ስምንተኛ ይሉታል፤ እኔ የሌሊት ፈረቃ እለዋለሁ። ሽማኔዎቹ አያቶቻችን ናቸው ወይስ እስክስታ ወራጆቹ ይህን ስም ያወጡት ብዬ ስንት ሌሊት ራሴን ጠይቄያለሁ።

ታዲያ በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ እዚሁ መሃል ከተማ ከነበሩት ሙዚቃ ቤቶች በአንዱ አንድ ካሴት ተንጠልጥሎ አየሁ። ሽፋኑ ላይ ሰውየው አኮርዲዮን ታቅፏል። «ሸሞንሟናዬ»፤ ኃይሉ መርጊያ እና ክላሲካል መሣሪያው። (እኛ ዘፋኝ የሌለበትን ሙዚቃ ሁሉ ክላሲካል ነው የምንለው፤ ቤትሆቨን ሰማ አልሰማ ግድ የለንም።) እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ስቱዲዮ፣ ያለ ባንድ፣ ያለ ጓደኛ፣ ብቻውን የሠራው ነው። አኮርዲዮኑን ይቀዳል፤ በላዩ የሮድስ ፒያኖውን ይደርባል፤ በላዩ ሙግ ሲንተሳይዘር፤ በላዩ ያን ጊዜ ገና ብቅ ያለውን ያማሃ ዲኤክስ ሰባት። ከበሮውን የሚመታው ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው። ድራም ማሽን! ቸክ ቸክ ቸ!

ያን ካሴት ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ጠዋት፣ ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ፣ መጋረጃ ዘግቼ ነበር የምሰማው። ስምንት ሰዓት ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ሲመታ ያደረው ማሽን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ፣ ግን በመንገድ ላይ አምባሰልና ትዝታ ተምሮ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ሌሎች "ይሄ የማሽን ከበሮ ምን ያደርግልሃል፣ ነፍስ የለውም" ይሉኛል። እንዴት ነፍስ የለውም! ፋብሪካ ውስጥ ያልዋለ ሰው ማሽን ነፍስ የለውም ሊል ይችላል። ካሴቱ ቴፕ እየበላው፣ በቢክ እየጠቀለልኩት፣ አንድ ቀን ተበጥሶ በጥፍር ቀለም ቀጥዬው፣ በመጨረሻ አንዱ ጎረቤት ተውሶት ሄዶ በዚያው ቀረ። ስሙን አልጠራም፤ እሱ ራሱን ያውቃል።

ከዚያ ዝም። ጋሽ ኃይሉ ከመድረክ ጠፋ። እኔም የሞተ መስሎኝ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።

አልሞተም! ታክሲ ይነዳ ነበር። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ይዞ መንገደኛ ይጠብቃል፤ ተራው እስኪደርስ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ያወጣና ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጫወታል። እስቲ አስቡት! አንዱ ሻንጣውን እየጎተተ ይመጣል፣ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ የተቀመጠበት ቦታ ከአምስት ደቂቃ በፊት የዋልያስ መድረክ እንደነበረ አያውቅም። ስንት ዓመት! ብቻውን፣ ያለ ጭብጨባ!

የእኔን ካሴት አምሳያ ያገኘው ደግሞ ማን ነው? ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ፤ የአፍሪካን ካሴቶች እየለቀመ የሚያሳትም ሰው ነው። ባሕር ዳር ከሚገኝ ሱቅ ውስጥ አገኘው። ሲሰማው እኔ እንደሆንኩት ሆነ መሰለኝ፤ አፈላልጎ ስልክ ደወለለት። እ.ኤ.አ. በ2013 «ሸሞንሟናዬ» እንደገና ታትሞ ዓለም ተረባረበበት። ባሕር ዳር እኮ ነው! እኔ እዚህ ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ጎረቤቴን ስረግም፣ ካሴቱ እዚያ ሐይቅ ዳር መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ አውሮፓና አሜሪካ እየዞረ ተጫወተ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ጡረታ ወጥቼ ቆሮሶ ዓሣ እየበላሁ ነበርና አንዱንም አልሰማሁም። ያሳፍራል፤ ግን እውነት ነው።

ወደ ባጃጁ ልመለስ። ልጁ ሞተሩን አጥፍቶ "ጋሼ፣ ይሄን ክላሲካል ታውቀዋለህ እንዴ?" አለኝ። እሱም ክላሲካል አለ! እግዜር ይስጠው! ከጓደኛው ፍላሽ ላይ ገልብጦት ነው፤ የማን እንደሆነ አያውቅም። "ሌሊት ስነዳ እንቅልፍ አያስወስደኝም፣ ደሞ አያጣድፈኝም" አለ። ከዚህ የተሻለ የሙዚቃ ሂስ በሕይወቴ አላነበብኩም። ሒሳቡን እጥፍ እንደምከፍለው ነግሬው፣ እዚያው ዛፍ ሥር፣ ሙሉውን ሰማነው። ሁለት መንገደኞች መጥተው "ይሄዳል?" ሲሉት "ሰው ይዣለሁ" አለ።

ቤት ስደርስ የእህቴን ልጅ ጠርቼ በስልኩ አስፈለግኩት። ስሙ «ፓዮኒር ወርክስ ስዊንግ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ። የተቀዳው ግን ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2016፣ ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ነው። ሰኔ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ቤዙን ዓለምሰገድ ከበደ፣ ድራሙን ኬኔት ጆሴፍ ይዘውለታል። "ቤቱ ምንድን ነው? ቴአትር ቤት ነው?" አልኩት። ልጁ አነበበና ሳቀ። "ጋሼ፣ ፋብሪካ ነው።"

"ምን?"

"ድሮ የብረት ፋብሪካ ነበር ይላል። ፓዮኒር አይረን ወርክስ። በፈረንጆቹ 1866 የተሠራ። ትልልቅ ማሽኖች ይሠራበት ነበር። አሁን የጥበብ ማዕከል አርገውት ነው።"

ተነሥቼ ቆምኩ። ማሽን ቀርጾ የሚያወጣ ፋብሪካ! ቀይ ጡብ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ! ለካ ባጃጅ ውስጥ ስሰማው ድምፁ የሚሄድበትን ርቀት ጆሮዬ አውቆታል። ጭብጨባው ግድግዳ ነክቶ የሚመለስበት መንገድ ልክ የእኛ አዳራሽ ነው፤ ማሽኖቹ ለጥገና የቆሙ ዕለት፣ አንድ ሰው ቁልፍ ሲጥል የሚሰማው ዓይነት። በዚያው ሰሞን፣ ሐምሌ 2008 ላይ፣ እኛ ዘንድ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። እዚህ አዲስ ፋብሪካ ሲከፈት፣ እዚያ ባረጀ ፋብሪካ ውስጥ ሰባ ዓመት የሆነው የደብረ ብርሃን ሰው፣ ጋሽ ኃይሉ፣ ችክችካ እየመታ ነበር! ይህን ያጋጠመ አምላክ ሙዚቃ ይወዳል።

የእህቴ ልጅ ግን ወጣት ነውና "ጋሼ፣ ፋብሪካ ፋብሪካ ካልክ የፋብሪካ ሙዚቃ የሚባልማ አለ" ብሎ ኢንደስትሪያል የሚሉትን አሰማኝ። እንግሊዝ ውስጥ ትሮቢንግ ግሪስል የሚባሉት እ.ኤ.አ. በ1976 ኢንደስትሪያል ሬከርድስ ብለው የራሳቸውን አሳታሚ አቋቁመው ጀመሩት። በርሊን ውስጥ በ1980 የተመሠረቱት ደግሞ አይንሽቱርትሴንደ ኖይባውተን ይባላሉ፤ ትርጉሙ የሚፈርሱ አዳዲስ ሕንፃዎች ማለት ነው አሉ፤ ቆርቆሮና ብረት ይደበድባሉ፣ መድረክ ላይ በድሪል ይበሳሉ። አልጠላሁትም! ልጁ ጆሮዬን እንድይዝ ጠብቆ ነበር፤ እኔ "ይቺ ማሽን ቅባት ትፈልጋለች" ስለው ሳቅ ገደለው። እውነቴን ነው፣ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ታዘብኩ። እነዚያ ማሽኑ ሰውን ምን እንዳደረገው ይጮሃሉ። ጋሽ ኃይሉ ማሽኑን ቁጭ አድርጎ አማርኛ አስተማረው። (በነገራችን ላይ «ላላ በሉ» ላይ ድራሙን የሚመታለት አውስትራሊያዊው ቶኒ በክ ነው፤ ዘ ኔክስ የተባለው ባንድ ውስጥ አንድን ነገር አንድ ሰዓት ሙሉ እየደጋገመ ሲጫወት የኖረ ሰው። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ አገኘ ማለት ነው።)

አሁን ወደ ዋናው ግኝቴ ልምጣ፤ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለዚህ ነው።

ያን የ1985 ካሴት ለዓመታት በልቤ ይዤ ስኖር ልቡ ድራም ማሽኑ ነው ብዬ አምን ነበር። አይዘገይ፣ አይፈጥን፣ ክር አይበጥስ። ኃይሉ በሱ ላይ ዜማ ያለብሰዋል ብዬ ነበር የማስበው። የብሩክሊኑን ስሰማ ግን ማሽኑ የለም። ሰው ነው የሚመታው። ሰው ደግሞ ይተነፍሳል፤ አንዳንዴ የፀጉር ያህል ቀደም ይላል፣ አንዳንዴ ጎተት። እናም ጋሽ ኃይሉ ምን ያደርጋል? ይጠብቀዋል! ግራ እጁ እዚያ ቁጭ ብሎ፣ አንዲት ኮርድ ይዞ፣ "ና፣ አለሁ" ይለዋል። ያኔ ነው የገባኝ። ልቡ ማሽኑ አልነበረም! በካሴቱም ላይ ጠባቂው ይኸው ግራ እጅ ነበር። ከሐረግና ከሐረግ መካከል ሁልጊዜ የሚተዋት ያቺ ክፍተት፣ እኔ ጌጥ የመሰለችኝ፣ የመልስ ቦታ ነበረች። ለባንድ ጓደኞቹ የተተወች ቦታ! አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው እዚያው አሜሪካ ኑሮ በትኖት፣ እሱ ብቻውን ስቱዲዮ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ይጠይቅና መልሱ እስኪመጣ ቦታውን ክፍት ይተወዋል። ማሽኑ መልስ አያውቅም፤ ቸክ ቸክ ቸ ብሎ ያልፋል። ኃይሉ ግን በሚቀጥለውም ዙር ይተወዋል። በሚቀጥለውም!

ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ፣ በዚያ የብረት ቤት ውስጥ፣ ዓለምሰገድ ከበደ ገባበት። በዚያችው ክፍተት! ቤዙ ዱዱም ብሎ ሲመልስለት ኪቦርዱ ምን እንደሚል ብትሰሙ! አይደነቅም፣ አያከብርም፣ አይጮህም፤ ልክ ትናንት ማታ ያቋረጡትን ጨዋታ እንደሚቀጥል ሰው ሌላ ጥያቄ ይጠይቀዋል። ሰዉ ያጨበጭባል። እኔ ባጃጅ ውስጥ አጨበጨብኩ። ደግሞ ጣቶቹ አልዘገዩም! ሰባ ዓመት! እኔ በስልሳ ዓመቴ ብሎን ማጥበቅ አቅቶኝ የለም እንዴ! በየቀኑ በዚያ ታክሲ ኋላ ወንበር ላይ ባይለቃቅማቸው ይህ አይሆንም ነበር። ተመለሰ ይላሉ ጋዜጠኞቹ። ከየት ነው የሚመለሰው? የትም አልሄደም፤ ተራ ይዞ ነበር።

አንድ ቅሬታ ካነሳሁ አይቀር፣ የታዳሚው ጩኸት አንዳንድ ቦታ ከቤዙ ዝቅ ብሏል፤ እኔ ብሆን ከፍ አደርገው ነበር። ያን አዳራሽ ደጋግሜ ልሰማው እፈልጋለሁ። ይኸው ነው ቅሬታዬ፤ ሌላ የለኝም።

በማግስቱ ባጃጁን ፍለጋ ወጣሁ። ገብርኤል አካባቢ ተራ ይዞ አገኘሁት። ፍላሽ ገዝቼ ነበርና "ና፣ ቅዳልኝ" አልኩት። መሃል ከተማ ወዳለች አንዲት ዘፈን የሚጫንባት ሱቅ ይዞኝ ሄደ። በመንገድ ላይ "ጋሼ፣ ትናንት ያልነገርከኝ፣ ሰውየው ግን ማነው?" አለኝ።

"ሹፌር ነው" አልኩት።

"የምን ሹፌር?"

"እንዳንተ። ሰው ይዞ የሚሄድ።"

ትንሽ አሰበ። "ባጃጅ ነው የነዳው?"

"ታክሲ። አሜሪካ።"

"እና ይሄን ሁሉ መቼ ይለማመዳል?"

"ተራ ሲጠብቅ።"

ምንም አላለም። ሱቁ ደረስን። ባለሱቁ ፍላሼን ሰካና ለፎልደሩ ስም ጠየቀን። እኔ ሙሉ ስሙን ከነባንዱ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ ላስጽፍ አፌን ስከፍት ልጁ ቀደመኝ።

"የሹፌሩ በለው" አለ።